የአባባ ቢተው ወረቀትና የእኔዋ ፍየል

ዛሬ ዛሬ ሰው እንስሳ ይወዳል። ጎረቤቴ ውሻዋን በሳሙና ታጥባለች፤ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ትለዋለች። እኔ አልስቅም፤ ነውር ነው። ብቻ በልቤ፣ ይሄ ውሻ ሥራው ምንድን ነው እላለሁ። አይጠብቅ፣ አያድን። ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ ጓዳ ድረስ ነው የሚሸኘው።

እኛ ቤት ሥራ የሌለው እንስሳ አልነበረም። እኛ ቤት ስል የባሌን ቤት ማለቴ ነው። የተዳርኩት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ጉሙ ከጣሪያው የማይነሳበት ቦታ ነው። ዘመኑ ጣልያን አገሩን የያዘበት ዘመን ነው። በጦርነት ጊዜ ሰርግ አለ ወይ አትበሉኝ። አለ እንጂ! አምስት ዓመት የቆየ ጦርነት ነው፤ ልጃገረድ ሁሉ ቁጭ ብላ ልትጠብቀው ኖሯል?

ታዲያ ያ ቤት እንስሳው ሁሉ ሥራውን የሚያውቅበት ቤት ነበር። ሁለቱ በሬዎች ያርሳሉ። ላሟ ትታለባለች፤ እበቷ ደግሞ ግድግዳ ይለሰንበታል፣ ኩበት ይሆናል። አህያው ይጭናል፤ ምን እንደሚጭን በኋላ እነግራችኋለሁ። በጎቹ ጸጉራቸው ባና ይሠራበታል፤ ያለ ባና እዚያ ብርድ ውስጥ ማን ያድራል? ድመቷ አይጥ ትይዛለች። በቅሎዋ የባሌ አባት በሰው ፊት እንዲታዩ ነበረች፤ ሌላ ሥራ አልነበራትም፣ እርሷም ታውቀዋለች፣ አንገቷን ሰብቃ ነው የምትሄድ። ውሻው ይጮኻል። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሦስት ወር ሙሉ ጮኸብኝ። ማንም ዝም በል አላለውም። ሥራው ነዋ።

ሥራ ያልተገኘላት አንዲት ፍየል ነበረች። የእኔ ፍየል።

እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው የተወለድኩት። አባቴ ሲድረኝ በጥሎሹ ላይ አንዲት ዳልቻ፣ ገና ያልወለደች የፍየል ቄብ መርቆ ሰጠኝ። «ሰው ቤት ነው የምትሄጂው፤ የምታውቂያት አንዲት ነፍስ ትከተልሽ» አለኝ። ዳልቻ ያልኳት በመልኳ ነው፣ አመድ ትመስል ነበር። ደጋ ስትደርስ ብርዱን ጠላችው። ሌሊት ከበጎቹ ጋር አላድርም አለች። ቀን ቀን እኔን እየተከተለች ቤት ትገባለች። ሌላ ሰው ገመዷን ከያዘ አራት እግሯን ተክላ ትቆማለች።

የባሌ አባት፣ አባባ ቢተው፣ ፍየል አይወዱም። ደገኛ በግ እንጂ ፍየል መች ያውቃል? «በምጽአት ቀን በግራ የምትቆም ናት፤ ቤቴ ምን ትሠራለች?» ይላሉ። የባሌ እናት፣ እማማ አለሚቱ፣ ደግሞ ስለ ፍየሏ ሲናገሩ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። «ቆለኛ ነገር እንዲህ ነው፣ የያዘውን አይለቅ፣ የተሰጠውን አይበላ» ይላሉ። ሙሽራ ነኝ፤ ሙሽራ አትመልስም። እኔ ዝም፣ ፍየሏ ታመሰኳለች።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

ያኔ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫካ የገባ ነው፤ አርበኛ ማለት ነው። ሌላው ለጣልያን የገባ ነው። ሁለቱም ገባ ይባላል፤ ማን የት እንደገባ መለየት የሰሚው ፈንታ ነው። አባባ ቢተው በሁለቱም በኩል ገብተው ነበር ማለት ይቻላል። ለጣልያን አንድ የማይተኩስ ውጅግራ አስረክበው፣ ማኅተም ያለበት የመግቢያ ወረቀት ተቀበሉ። ደኅናው ጠመንጃ ቀደም ብሎ ጫካ ሄዷል። በየሳምንቱም ባሌ ሞላ በአህያው ላይ ገብስ ይጭናል፤ ከላይ ኩበት ይደረድርበታል፤ ለአርበኞቹ ያደርሳል። መንገድ ላይ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ቢያስቆመው የአባቱን ወረቀት ያሳያል፣ ያልፋል። ወረቀቱ ከሌለ እርሻም የለ፣ ገበያም የለ። ወረቀት የሌለው ቤት ሽፍታ ተብሎ ይቃጠላል። ሲቃጠል አይተናል፤ ወሬ አይደለም።

ወረቀቱ የሚቀመጠው ከአሞሌ ጨው ጋር፣ ምሰሶው ላይ በተንጠለጠለ ስልቻ ውስጥ ነበር። ከዚያ የተሻለ ደረቅ ቦታ የለማ። ግን ነሐሴ ነው፣ የፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጣሪያው አፈሰሰ። ስልቻው ራሰ። ወረቀቱም የጨው ውሃ ጠጥቶ ወጣ። እማማ አለሚቱ፣ «የሺ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል አስጪው» አሉኝ። አሰጣሁት። ደጅ፣ የወፍጮው ድንጋይ ላይ፣ በአራት ጠጠር ጫን አድርጌ። ከዚያ ላሟ ጥጃዋን ልታጠባ ገመድ በጠሰችና ላለያቸው ሮጥኩ።

ስመለስ አራቱ ጠጠሮች በቦታቸው አሉ። ወረቀቱ ግን ከዳልቻ አፍ አንዲት ጫፉ ብቻ ወጥታ ትታያለች። ጮኼ ተወረወርኩ። የደረሰኝ አንድ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ናት፤ የማኅተሙ ጠርዝ አለባት። ሌላውን ዓይኔ እያየ ዋጠችው።

እማማ አለሚቱ ደረታቸውን መቱ። «ትታረድና ይውጣ!» አሉ። ሞላ፣ «ወጥቶስ ማን ሊያነበው ነው?» አለ። «ጾም አይደለም ወይ?» አለ ደግሞ ቆይቶ። ይሄን ጊዜ ዝናብ መንገድ የዘጋባቸው አንድ ዲማ የተማሩ መሪጌታ ቤታችን ተጠልለው ነበር። እማማ ሊያስፈርዱ ዞሩ፤ «ለመብላት ሳይሆን ወረቀት ለማውጣት ቢታረድ ጾም ያስገድፋል ወይ?» አሏቸው። መሪጌታው ወደ አባባ ዞረው፣ «ቢተው፣ አንተ ለጣልያን ገብተህ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ ለፍየሏ ገባ። እንግዲህ ጌታህ ማን እንደሆነ አጣራ» አሉ። ማንም አልሳቀም። እርሳቸው ብቻቸውን ሳቁ።

አባባ ቢተው የተረፈችውን ቁራጭ እያገላበጡ ያያሉ። እኔ የዳልቻን ገመድ ይዤ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። እማማ አለሚቱ ፍርዱን ቀድመው ጨርሰዋል፤ «እርሷም ፍየሏም ወደ ቆላቸው ይመለሱ» እያሉ ነው። ሞላ መሬት መሬት ያያል። ባል ነው ብዬ ልቆጣው አልችልም፤ እርሱም የአባቱን አፍ ነው የሚጠብቀው።

በመጨረሻ አባባ፣ «ነገ ወደ ምሽጉ እሄዳለሁ። ፍየሏም ትሄዳለች» አሉ። ከዚያ የማይወደውን ነገር እንደሚውጥ ሰው ዋጥ አድርገው፣ «ያለ እርሷ አትነዳም፤ የሺም ትምጣ» አሉ።

በነጋታው ሦስታችን ሄድን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ፍየሏ ከእኔ ኋላ። ምሽጉ ኮረብታ ላይ ነው፣ ዙሪያው በእሾህና በሽቦ የታጠረ። አንድ ካፒቴን የጥይት ሣጥን ጠረጴዛ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛው ትንሽ ወደ ጎን የሚል ሰው ነው።

አባባ እጅ ነሡ። «ጌታዬ፣ ወረቀቴን ይቺ ፍየል በልታብኝ ነው» አሉና ቁራጯን አወጡ።

አስተርጓሚው ቁራጯን አየ፣ ፍየሏን አየ። «ይሄን አልተረጉምም» አለ።

«ለምን?»

«ቀለድክብኝ ይላል።»

«ልሰቀል የመጣሁ እኔ ነኝ፤ ይንገሩት እንጂ።»

«አባት፣ በዚህ በእኔ አፍ አይደለም ወይ የሚሰማው? ከተሰቀልን ሁለታችንም ነን።»

ካፒቴኑ ምን ተባባላችሁ ብሎ ጮኸ መሰል፣ አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ። ስንት ቃል እንደሆነ አላውቅም፤ አጭር ነበር። የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ካፒቴኑ ከመቀመጫው ተነሳ። አበቃልን አልኩ።

መጣና ፍየሏ ፊት ቁጢጥ አለ። መንጋጋዋን ይዞ አፏን ከፈተ፣ ጥርሷን አየ። ጡቷን ዳሰሰ። መዳፉን ሆዷ ሥር አድርጎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንጋጦ ቆየ፣ ልክ አባቴ እንደሚያደርገው። ዳልቻም፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይነካት ዳልቻ፣ ዝም ብላ ቆመችለት። አንድ ነገር ተናገረ።

አስተርጓሚው በድንጋጤ፣ «እርጉዝ ናት ይላል» አለ። «አባቱ ፍየል ያረባ ነበር። ስንት ፍየል አለህ? ምን ትጠቅምሃለች? ይላል።»

አሁን አባባ ቢተውን ብታዩ! ፍየል በግራ የምትቆም ናት ያሉት ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወተቷ ለሳል እንደሚሆን፣ ቆዳዋ ለስልቻ እንደሚሆን፣ ሌላ ከብት የማይደፍረውን እሾህ እንደምትበላ፣ በዓመት ሁለቴ እንደምትወልድ፣ ልጅ የሚያድግበት ቤት ያለ ፍየል እንደማይሆን ተናገሩ። ከየት አመጡት? ሦስት ወር ሙሉ እኔ ለሞላ ስነግረው ለካ ይሰሙ ኖሯል። ካፒቴኑ ራሱን ይነቀንቃል። ወረቀት ከበላች ወዲህ አላመማትም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀለሙ ለእርጉዝ ጥሩ አይደለም አለ። ከዚያ ተቀመጠ፣ አዲስ ወረቀት ጻፈ፣ ማኅተሙን ደም አስመስሎ መታበት።

ደግ ሰው ነበር እንዳትሉኝ። በወሩ ከወንዙ ማዶ ያለውን መንደር ያቃጠለው እርሱ ነው። አክስቴ የምላቸው ሴትዮ እዚያ ቀርተዋል። ፍየል የሚያውቅ ሰው ሰው አይገድልም ያለ ማንም የለም። እኔ የማወራው ያየሁትን ነው።

እፎይ ብለን ቤት ገባን። እፎይታው የቆየው አምስት ቀን ነው።

ወሬ ከእኛ ቀድሞ ጫካ ደርሶ ኖሯል። ቢተው በቀን፣ በሰው ፊት፣ ለጣልያን ፍየል ነዳለት ተባለ። ሁለተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ፍየሏ አምስት ሆናለች። ሦስተኛው ጋ ሙሽራይቱንም አስከትሎ ሄደ ተባለ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት አንድ ጎፈሬው እንደ ጎጆ ክዳን የሆነ ሰው መጣና፣ «አለቃችን ይፈልግዎታል። ፍየሏንም ይዘው ይምጡ» አለ።

ፍየሏ ከተባለ እኔም አለሁ። እማማ አለሚቱ ይሄን ጊዜ አልተሳደቡም። በሶ በጨርቅ ቋጥረው በእጄ አስያዙኝ፤ ፊቴን ግን አላዩትም። የምንመለስ አልመሰላቸውም።

አርበኞቹ ያሉት ገደሉ ውስጥ፣ ቅርቀሃ የበዛበት ቦታ ነው። አለቃቸውን ስሙን ልተወው፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። ከአባባ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። «ይቀመጡ» አላቸው። አባባ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ጨው ውሃው፣ ስለ ፍየሏ አንድም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። በዙሪያው ያሉት ሳቁ። እርሱ አልሳቀም።

«አመንኩዎ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ፍየሏ ከበላችልዎ ለምን ሌላ ለመኑ? እግዜር በፍየል አፍ አውጥቶዎ ነበር እኮ።»

አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ወረቀቱ ካለበት፣ አደረጉ። ሰውየው ድምፁ ተቀየረ፣ አንቱታውም ቀረ። «አውጣው ወረቀቱን። እዚሁ ፊቴ ቅደደው» አለ።

አባባ ከደረታቸው አወጡት። ሁለት እጃቸው ወረቀቱን ግራና ቀኝ ይዟል። ሊቀድዱት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና አሉና፣ «እቀደዋለሁ፤ አንተ ልጄ ነህ፣ ጠመንጃዬም ያንተ ትከሻ ላይ ነው» አሉ። «የፊታችን ሳምንት ግን ሞላ ገብስ ጭኖ ሲመጣ አስካሪ ወረቀት ይለዋል። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ቁምና አንተ መልስለት። ዛሬ ጧት የበላኸው በሶ በዚህ ወረቀት ነው ያለፈው።»

አለቃው ወረቀቱን ተቀበላቸው። አገላብጦ አየው፤ የጣልያን ጽሑፍ ነው፣ ምን ያነብበታል? አጥፎ መለሰላቸው። «ይያዙት» አለ። አንቱታው ተመለሰ።

ይሄኔ ከጎኑ የተቀመጠ አንዱ፣ «ወረቀቱን ተውንልዎ። ፍየሏን ደግሞ ይተዉልን» አለ። ሌላው ተነስቶ ቢላዋውን ድንጋይ ላይ መሳል ጀመረ። አልፈርድባቸውም። አሥራ አምስት ቀን ጾመው ትናንት የፈቱት በበቆሎ እሸት ነው። አባባም ወረቀታቸው ተርፏል፤ ለአንዲት ፍየል አፋቸውን አይከፍቱም። ገመዱ ግን በእኔ እጅ ነው።

ሙሽራ በባሏ አባት ፊት አትናገርም። በአርበኛ አለቃ ፊትማ ጭራሽ። ግን ከአፌ ወጣ፤ «እርጉዝ ናት!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አለቃው፣ «ማን ነው ያለ?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ውሸት አላውቅም፣ «ጣልያኑ» አልኩት።

ቢላዋ የሚስለው ሰው አቆመ። አንድ ሰው፣ «ጣልያን በፍየላችን እርግዝና ምን አገባው?» አለ። አለቃው ግን ተነስቶ መጣ። እርሱም የቆላ ልጅ ኖሯል፣ አያያዙ ያስታውቃል። ሆዷ ሥር መዳፉን አስገባ። ቆየ። «እውነትም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ናቸው። ጣልያን ያየውን እኛ ሳናይ ልንበላት ነበር እኮ።» ከዚያ እጁን ጠረገና፣ «ሂዱ። እርጉዝ አላርድም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልለመድንም» አለ።

ስንመለስ አባባ ከፊት አልሄዱም፤ ከጎኔ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ሲደክማቸው የዳልቻን ጀርባ ያዙ፤ አልከለከለቻቸውም። ቤት ደጃፍ ስንደርስ እማማ አለሚቱ እያለቀሱ ወጡ። አልቅሰው ሲጨርሱ ግን የተዉትን ነገር አነሱ፤ «ታዲያ እነዚህን ወደ ቆላቸው መቼ ነው የምትሸኛቸው?» አሉ።

አባባ ጭቃቸውን እያራገፉ፣ «ሴትዮ፣ ጣልያኑ አልወሰዳት፣ አርበኛው አልበላት። እኔ ማን ሆኜ ነው የማባርራት?» አሉ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ፍየሏ አልገለጹም። እኔም አልጠየቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማታ ማታ እግራቸውን ሳጥብ «ተባረኪ» የሚሉት ረዘም ይል ጀመር።

ዳልቻ ሁለት ወለደች። አንዱ ሞተ፣ አንዷ አደገች። አሁን ፍየሏ ቤቱን አዳነች ብዬ እንድጨርስላችሁ ትፈልጉ ይሆናል። አላዳነችም። ቤቱን አደጋ ላይ የጣለችውም እርሷ ናት፣ ከዚያም በኋላ የእማማን ነጠላ ጥለቱን በልታለች። ወተቷ ለሳል ይሆናል የተባለውም ውሸት ነው፤ አባባ እስኪሞቱ እንደሳሉ ነው።

ጣልያን በወጣ ዓመት አርበኞቹ በየቤቱ እየተጋበዙ ሰነበቱ። እኛም ቤት መጡ፣ አለቃው ከነ ሰዎቹ። አባባ ምን ይታረድ ሲባል በሬ ያርሳል፣ በግ ጸጉር አለው፣ ዳልቻ ግን ደርቃለች አሉ። ታረደች። አለቀስሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልጅ አዝዬ ሠላሳ ሰው አበላለሁ፤ በየትኛው ጊዜ?

እንግዳው ከጠገበ በኋላ ድርሻዬን ይዤ ጓዳ ተቀመጥኩ። አለቃው ከወዲያ ሲያወራ እሰማለሁ። ጠጅ ሞቅ አድርጎታል። «ጫካ ሳለን አንዲት ፍየል ሊያርዱ ነው፤ እኔ ገና በዓይኔ ሳያት እርጉዝ ናት ብዬ አስጣልኳቸው» እያለ ነው። ጣልያኑ የለበትም። እኔም የለሁበትም። ሰው ሁሉ፣ አባባ ሳይቀሩ፣ «እንዴት ያለ ዓይን ነው!» ይላሉ።

ያኔ ሙሽራ አልነበርኩም፤ ወልጃለሁ፣ አፍ አውጥቻለሁ። ተነስቼ እንዲህ አይደለም ልል ነበር። ግን ጎድኑን ጎርሻለሁ፤ ያረጀ የፍየል ሥጋ ደግሞ ማኘኩ ጊዜ ይፈጃል። ዋጥ ሳደርግ ሰዎቹ ስለ ሌላ ነገር እያወሩ ነበር።